ቀብዱን በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ ግን ለማን እንደምትከፍሉ እወቁ

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንደገባኝ ከሆነ ለአራት ሰው የሚሆን የቱርክ ፓኬጅ በ2,600 ፓውንድ አግኝታችኋል፤ ድርጅቱ በባንክ ትራንስፈር ከከፈላችሁ 5 በመቶ እቀንሳለሁ ብሏል፤ ክሬዲት ካርዱ በባለቤትሽ ስም ነው፣ አንቺ ተጨማሪ ካርድ ይዘሻል። በየቱ እንክፈል ነው ያልሽው። የኔ መልስ፣ ቢያንስ ቀብዱን በባለቤትሽ ካርድ ክፈሉ፣ ቡኪንጉም በእሱ ስም ይሁን። ለ130 ፓውንድ ብላችሁ ዋስ አትጡ።

ዋስ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ብሪታንያ በ1974 በወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75፣ ባንኮቹ ሴክሽን 75 በሚሉት፣ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ሆኖ ከ30,000 ያልበለጠ ነገር በክሬዲት ካርድ ከገዛሽ ሻጩ ውሉን ቢያፈርስ ወይም ዋሽቶ ቢሸጥልሽ ባንኩ ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ሙሉውን በካርድ መክፈል እንደማያስፈልግ ነው። ሕጉ የሚያየው የተገዛውን ነገር ዋጋ እንጂ በካርዱ ያለፈውን ገንዘብ አይደለም። 50 ፓውንድ ቀብድ በካርድ ከፍለሽ ቀሪውን በትራንስፈር ብትልኪ እንኳ ጥበቃው ለሙሉው ነው።

በእኛ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። ስፔን ውስጥ ቪላ ተከራይተን 300 ፓውንድ ቀብድ በካርድ፣ ቀሪውን 1,100 በትራንስፈር ለአከራዩ ድርጅት ከፈልን። ከነልጆቹ ከነሻንጣችን ስንደርስ በሩ ላይ የሌላ ቤተሰብ ጫማ ተደርድሯል። ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ ድርጅቱም ስልክ አያነሳም። ሆቴል ገባን። ተመልሰን ለካርዱ ባንክ ስንደውል ያነጋገረችን ልጅ “እኛ ማየት የምንችለው በካርድ የተከፈለውን 300 ብቻ ነው” አለች። እንዲህ ስትባዪ ጉዳይሽን እንደ ቻርጅባክ፣ ማለትም በካርድ ኩባንያዎቹ ደንብ ክፍያን እንደማስመለስ፣ እያዩት እንደሆነ እወቂ። “እኔ የምጠይቀው በሴክሽን 75 ነው” ስላት ወዲያው ወደ ሌላ ክፍል አስተላለፈችኝ። ውሉን፣ የሁለቱን ክፍያ ደረሰኝ፣ የበሩን ፎቶ፣ መልስ ያላገኙትን ኢሜይሎችና የሆቴሉን ደረሰኝ አያይዘን ጻፍን። 1,400ውም ተመለሰ፤ ሆቴሉ ከቪላው በላይ ያስወጣንን ልዩነትም ከፈሉን። በውሉ መፍረስ ምክንያት የደረሰብሽን ተጨማሪ ወጪ መጠየቅም መብትሽ ነው። ነገሩ የደረሰው ውጭ አገር ነው ብለው እንዳያስፈራሩሽ ደግሞ፣ ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ሰጪ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ2007 ሕጉ ውጭ አገር ለተደረገ ግዢም እንደሚሠራ ወስኗል።

ቻርጅባክ ሌላ ነገር ነው። የቪዛና የማስተርካርድ የራሳቸው ደንብ እንጂ ሕግ አይደለም። ዴቢት ካርድ ላይም ይሠራል፣ ከ100 ፓውንድ በታች ለሆነም ይጠቅማል፤ ግን በካርድ የከፈልሽውን ብቻ ነው የሚመልሰው፣ ጊዜውም አብዛኛውን ጊዜ 120 ቀን ነው። በሴክሽን 75 ግን በእንግሊዝና በዌልስ 6 ዓመት፣ በስኮትላንድ 5 ዓመት አለሽ።

አሁን ሰው ወደሚሰናከልበት ልምጣ። ሕጉ የሚሠራው ካርዱ የከፈለው ድርጅትና ውሉን የገባልሽ ድርጅት አንድ ሲሆኑ ነው። መሃል ላይ ሌላ ሰው ከገባ ባንኩ “ውል ያፈረሰው ገንዘቡን የተቀበለው አይደለም” ብሎ ይከራከራል። ይህ በእኛ ሰው መካከል በጣም የተለመደ ነው፤ ወደ አገር ቤት ትኬት የምንቆርጠው ከምናውቀው ትኬት ቢሮ ነው፣ ካርዱ የሚከፍለው ለቢሮው ነው፣ የሚያበረን ግን አየር መንገዱ ነው። የሆቴል ድረ ገጾችና ፔይፓልም ተመሳሳይ ጣጣ ሊያመጡ ይችላሉ። ባለቤትሽ ይክፈል ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ተጨማሪ ካርድ የያዘ ሰው በራሱ ስም ሲገዛ ባንኩ ውሉ ከዋናው ባለካርድ ጋር አይደለም ሊል ይችላል። የቤተሰብ ጉዞ ስለሆነ ተከራክራችሁ ታሸንፉ ይሆናል፣ ግን ክርክሩን ለምን ትገዙታላችሁ? ነጠላ ትኬቶች ላይም ተጠንቀቂ፤ 90 ፓውንድ የሆኑ አራት ትኬቶች ድምራቸው 360 ቢሆንም እያንዳንዱ ከ100 በታች ነው ተብሎ ይመለስብሻል።

የእናንተ ፓኬጅ በረራ ካለው ድርጅቱ አቶል፣ ማለትም ቢከስር የደንበኛውን ገንዘብ የሚጠብቅ የጉዞ ዋስትና ፈቃድ፣ ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩን በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጪ፣ ስትከፍሉም ሰርተፊኬቱን ተቀበሉ። ቶማስ ኩክ በሴፕቴምበር 2019 ሲከስር ወደ 150,000 የሚጠጋ የብሪታንያ ደንበኛው ውጭ አገር ነበር፤ ፓኬጅ የገዙት ገንዘባቸውን በአቶል በኩል አገኙ፣ አቶል የማይሸፍነው በረራ የገዛ ግን ወደ ካርዱ ባንክ ነው የሄደው። ሁለቱም ቢኖሩሽ አይከፋም።

ትራንስፈርም ዋስትና አለው የሚሉሽ ይኖራሉ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ባንኮች ለተጭበረበረ ሰው እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲመልሱ ተገደዋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ለማጭበርበር ነው፤ ሐቀኛ ድርጅት ከስሮ ቢዘጋ አይደርስልሽም። ደግሞ በክሬዲት ካርድ ከከፈልሽ ተጨማሪ እናስከፍላለን ካሉሽ እምቢ በይ፤ ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ክልክል ነው።

ልጅ ቢታመም ወይም ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ሴክሽን 75 አይረዳችሁም፤ ለሕመሙ የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ። የካርዱን ዕዳም በወሩ ሙሉውን ክፈሉት፣ አለዚያ ወለዱ ያተረፋችሁትን ይበላዋል።

ባንኩ እምቢ ካለ ወይም በ8 ሳምንት ውስጥ የመጨረሻ መልስ ካልሰጠ የባንክና የደንበኛን ክርክር ወደሚዳኘው ገለልተኛ አካል፣ ወደ ፋይናንሺያል ኦምቡድስማን ትሄዳላችሁ፣ በነጻ ነው። የመጨረሻው ደብዳቤ ከደረሳችሁ ግን 6 ወር ብቻ ነው ያላችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት የውሉን የመጀመሪያ ገጽ ስማችሁንና አድራሻችሁን ሸፍነሽ እዚሁ ለጥፊልኝ። ተዋዋዩ ማን እንደሆነና ካርዱ ለማን እንደሚከፍል አይቼ እነግርሻለሁ።