ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ቁስሉን ሳይሰፉ ለምን ላኩን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ ፍግ ሲዝቁ አካፋው ቁርጭምጭሚታቸው አጠገብ በደንብ ቆረጣቸው። ጤና ጣቢያ አጥበው፣ የሞተውን ሥጋ አንስተው፣ ሳይሰፉ በፋሻ ጠቅልለው «ከአራት ቀን በኋላ ይምጡ» አሏቸው። ጎረቤቱ ሁሉ «ያልሰፉት እግሩ ሊቆረጥ ስለሆነ ነው» ይላል። እኛም ካፕሱል ፈልቅቀን ዱቄቱን ነሰነስንበት። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) መከላከያ መርፌውን አባቴ አልወጋም ብለዋል። ምን ይሻላል? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እህቴ፣ ተረጋጊ። ማንም ተስፋ አልቆረጠባቸውም። ያልሰፉት እግራቸውን ለማዳን ብለው ነው።

ነገሩ ከጦር ሜዳ የተገኘ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር፣ የእንግሊዝ ሐኪሞች ደቡብ አፍሪካ ላይ በደረቅ መሬት ካዩት ጦርነት የለመዱትን ይዘው ሄዱ። እዚያ ቁስል ተሸፍኖ ቢተው ብዙ ጊዜ ይድን ነበር። የፈረንሳይና የቤልጂየም ማሳ ግን ልክ እንደናንተ ጓሮ ለዘመናት ፍግ የጠገበ ነው። የመድፍ ጥይት ፍንጣሪው ጭቃውንና የልብሱን ብጣሽ ይዞ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ የተዘጋው ቁስል ከውስጥ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ያብጣል፣ ወታደሩም እግሩን፣ ሲብስም ሕይወቱን ያጣል። ስንት እግር ከተቆረጠ በኋላ ነው «ቆሻሻ ቁስል ይታጠብ፣ የሞተው ሥጋ ይነሳ፣ ክፍት ይቆይ፣ ንጹሕ ከሆነ ከቀናት በኋላ ይሰፋ» የተባለው። አራት ቀን ያሏችሁ ለዚህ ነው።

ካፕሱሉስ? ኧረ በፈጠራችሁ! ይሄን ነገር ተናግረን ተናግረን ደከመን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደር የሰልፋ (የጀርም መከላከያ መድኃኒት) ዱቄት በፓኬት ይዞ ይዘምት ነበር፤ ሲቆስል ይነሰንሰዋል። ጦርነቱ ሳያልቅ ግን የጦር ሐኪሞቹ ራሳቸው ጥቅም እንደሌለው አይተው ተዉት። እነሱ የተዉትን እኛ ይኸው እስከ ዛሬ እንነሰንሳለን። የእናንተው ካፕሱል ደግሞ ሊዋጥ የተሠራ ነው። ቁስል ላይ ሲሆን ይጋገራል፣ መግል ሥሩ ይቋጥራል፣ ነርሷ የቁስሉን መልክ እንዳታይ ይሸፍንባታል። መድኃኒቱን የተላመደ ጀርም ማራባትም አለ። የቡና ዱቄትም ያው ነው። በቃ፣ ተዉት!

እኔን የሚያስፈራኝ መርፌው ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም አፈርና ፍግ ውስጥ ይኖራል። በዚያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮቹ አስቀድመው ስለተከተቡ፣ ቆስለውና ተጎድተው ሆስፒታል ከገቡት ከ2.7 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን በመንጋጋ ቆልፍ የተያዙት 12 ብቻ ናቸው። አባትሽ «አልወጋም» የሚሉት ይሄንን ነው። አፍ አልከፈት ሲል፣ አንገት ሲገተር፣ ምራቅ መዋጥ ሲያቅት ያኔ ይወጋሉ ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ያኔ ነገሩ ከእጅ ወጥቷል።

ስለዚህ ለመርፌው አራተኛውን ቀን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ውሰጃቸው። እግሩ ካበጠ፣ ሕመሙ በየሰዓቱ ከባሰ ወይም ከሸተተ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ካፕሱል መነስነሳችሁንም ለነርሷ ንገሯት፤ ትቆጣለች ብላችሁ አትደብቁ።