ስለ ሶሪያሲስ ጠይቁኝ፤ ዛሬ ማታ እመልሳለሁ

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። የቆዳ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ሶሪያሲስ ያ ክርንና ጉልበት ላይ ከፍ ብሎ የሚወጣው፣ ላዩ ብርማ ቅርፊት ያለው ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከሁሉም በፊት፦ ስቴሮይድ የሚባለውን፣ የቆዳ መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት ያለበትን ቅባት በራሳችሁ ገዝታችሁ አትቀቡ።

ከሽምብጥ፦ ሲስተር፣ የእጮኛዬ አባት አለባቸው። እሱ ንጹሕ ነው። ቤተሰቦቼ «በዘራቸው አለ» ብለው ሠርጉን ሊያስቀሩት ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ወሬ ስንት ትዳር ፈረሰ! የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ተጋላጭነቱ ነው። ከወላጅ አንዱ ካለበት የልጁ ዕድል ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ነው፤ እጮኛሽ ደግሞ ራሱ የለበትም። ብቻውን የሚወስን ዘረመልም የለም። ዋናው 6ኛው ክሮሞዞም (ዘረመሎች የተደረደሩበት ክር) ላይ ያለው ኤችኤልኤ-ሲ 06 የሚባለው ነው፤ እሱን ተሸክመው ዕድሜ ልካቸውን ምንም የማይወጣባቸው ግን ይበዛሉ። አንድ ዓይነት መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው ደህና ሆኖ ይኖራል። ገበሬ ያውቀዋል፦ ዘር አፈር ውስጥ ስላለ ብቻ አይበቅልም፣ ዝናብ ይፈልጋል። እዚህ ዝናቡ የቶንሲል ሕመም፣ ጭንቀት፣ የቆዳ ቁስል፣ ሲጋራ፣ አንዳንድ መድኃኒት ነው። ሠርግሽን ደግሺ።

ከዓባይ ማዶ፦ በሽታ የመከላከል አቅሜ ደክሞ ነው አይደል? በየጠዋቱ ነጭ ሽንኩርት በማር ጀምሬያለሁ።

መልስ፦ አልደከመም! ከልክ በላይ ነቅቶብህ ነው። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ጠላት ሳይኖር ቆዳህ ላይ ይዘምታሉ። ኢንተርሉኪን 23 የሚባል መልእክተኛ ይቀሰቅሳቸዋል፤ እነሱ ኢንተርሉኪን 17 ይለቃሉ፤ የቆዳ ሴል ያን ጊዜ ያለ ልክ ይራባል። ጤነኛ ቆዳ ለመታደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፣ የአንተ በጥቂት ቀናት ያልቃል። ጠዋት ከአንሶላህ የምታራግፈው ቅርፊት እሱ ነው። አዲሶቹ መርፌዎችም እነዚህን መልእክተኞች ነው የሚያግዱት። ማሩን ብላ፣ ግን መድኃኒት አይደለም።

ስም የለሽ፦ ያሳክከኛል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ የት? ከመቼ ጀምሮ? ጭርትም ያሳክካል፣ እከክም ያሳክካል። ታይተሽ ነይ።

ከዘጌ፦ ለወባ ክሎሮኪን ወስጄ ሰውነቴን ወረረኝ።

መልስ፦ ክሎሮኪን አንዳንዱ ላይ ያባብሰዋል። ወባ ግን ይገድላል፣ ሳትታከም እንዳትቀር። ከመታዘዙ በፊት «ሶሪያሲስ አለብኝ» በል።

ከጎርጎራ፦ እኔ በጸበል ዳንኩ። መድኃኒቱን ጣሉት።

ከሽምብጥ፦ አትምከር ወንድሜ! አጎቴ ጥሎት አልጋ ያዘ።

ከጎርጎራ፦ እምነት ስላልነበረው ነው።

መልስ፦ በቃ! የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ መድኃኒቱን ግን አይጣል። ሶሪያሲስ ይጠፋና ይመለሳል። በተለይ የስቴሮይድ ክኒን በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ሁሉ መግል ቋጥሮ ሊነሳ ይችላል።

ከቀበሌ 13፦ አንድ ቅባት በሳምንት አጠፋልኝ፣ ስሙን ልንገራችሁ?

መልስ፦ አትንገር። ገና ስጀምር ጽፌዋለሁ። ያለ ትእዛዝ የሚቀባ ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል፣ ሲቆም ብሶ ይመጣል።

ከዘንዘልማ፦ ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፣ ጥፍሬም እንደ ወንፊት ተነቋቁሯል። እርጅና ነው መሰል።

መልስ፦ እናቴ፣ እርጅና ነው ብለው አይተዉት። ቆዳዎን የሚወጋው ያው መከላከያ መገጣጠሚያም ያጠቃል፣ ጥፍር ላይም ምልክት ይተዋል። ቶሎ ከታከመ ጣት ሳይጣመም ሊያዝ ይችላል። ነገ ጠዋት ልጆችዎ ሐኪም ቤት ይውሰዱዎት፤ ጥፍርዎን ሳይቆርጡ ይሂዱ፣ ሐኪሙ ይየው።