በጣልያንኛ ቀን ስንናገር፦ «ሉንዲቺ» እና «ሉኔዲ»

እህቴ፣ «ቀጠሮ ሲሰጡኝ ቀኑን መለየት ያቅተኛል፤ የልደት ቀኔንስ ፕሪሞ፣ ሴኮንዶ (አንደኛ፣ ሁለተኛ) እያልኩ ነው የምናገረው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ቦሎኛ የገባሁ ሰሞን በዚሁ ተቸግሬ ነበርና ያየሁትን ልንገርሽ።

ፕሪሞ የሚባለው የወሩ የመጀመሪያ ቀን ብቻ ነው። አድዋን አስቢ፤ በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፣ «ኢል ፕሪሞ ማርትሶ»። ከ2 ጀምሮ አንድ፣ ሁለት ብለን የምንቆጥርበት መደበኛው ቁጥር ነው፦ ኢል ዱዌ፣ ኢል ትሬ፣ ኢል ቬንቲ። እኛ «መስከረም 5» ብለን ወሩን እናስቀድማለን፤ እነሱ ቀኑን ነው የሚያስቀድሙት፣ «ኢል ቺንኩዌ ሴቴምብሬ»። «በ» የምትለዋን ልተርጉም ብለሽ አትድከሚ፣ «ኢል» ትበቃለች።

8 (ኦቶ) እና 11 (ኡንዲቺ) ላይ ግን «ኢል» ከቁጥሩ ጋር ተዋህዳ «ሎቶ»፣ «ሉንዲቺ» ይሆናል። እኔን ያስለቀሰችኝ ይቺ ሉንዲቺ ናት። አንድ ቢሮ ወረቀት ላስገባ ሄጄ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ፈጠን አድርጋ «ሉንዲቺ» ስትለኝ፣ «ሉኔዲ»፣ ሰኞ ያለችኝ መሰለኝ። ሰኞ ከሥራ ቀርቼ፣ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ስሜ የለም። ቀጠሮው ሐሙስ፣ ቀኑ 11 ሲውል ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀን በነገሩኝ ቁጥር «ኬ ጆርኖ ዴላ ሴቲማና?» ብዬ የሳምንቱን ቀን ሳልጠይቅ ከመስኮቱ አልነሳም። በስልክ ከሆነ ደግሞ ጁኞና ሉልዮ ይምታታሉ፤ «ሴይ ኦ ሴቴ?»፣ ስድስተኛው ወር ነው ሰባተኛው ብለሽ አረጋግጪ።

ጆሮዬን የከፈቱልኝ የምንከባከባቸው ሲኞራ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ኩሽና ውስጥ ከተሰቀለው ካላንደር አንድ ቅጠል ይገነጥሉና «ኩዋንቲ ኔ አቢያሞ ኦጂ?» ይሉኛል፣ ዛሬ ስንት ነው ማለታቸው ነው። ቁጥሩን ጮክ ብዬ እመልሳለሁ። አንቺም ቤት ውስጥ በየቀኑ እንዲህ በይ፣ ከየትኛውም ትምህርት በላይ ይጠቅማል።

ዓመቱን እንደ እንግሊዝኛ ለሁለት አትክፈዪው፤ 1987 ሳይቆረጥ «ሚሌኖቬቼንቶታንታሴቴ» ነው የሚባለው።

የልደት ቀን ላይ በጣም ተጠንቀቂ። የእኛ መስከረም 1 ቀን 1980 በእነሱ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1987 ነው። ስለዚህ «ሶኖ ናታ ኢል ዶዲቺ ሴቴምብሬ ሚሌኖቬቼንቶታንታሴቴ»። መስኮት ላይ ቆመሽ ከእኛ ወደ እነሱ አታስሊ፤ ፓስፖርትሽ ላይ የታተመውን ብቻ በይ፣ በቃልሽ ያዢው። ኮዲቼ ፊስካሌሽ፣ ማለትም የግብር መለያ ቁጥርሽ፣ የሚሠራው ከዚያ ነው። ከስምሽ ፊደላት ቀጥሎ የዓመቱ ሁለት ቁጥር፣ የወሩ ፊደል፣ ከዚያ ቀኑ ይመጣል። ለሴት ቀኑ ላይ 40 ስለሚደመር በ12 የተወለደች 52 ተብሎ ይጻፍላታል፣ አትደንግጪ። 12 ብቻ ከተጻፈ ግን ወንድ ብለው መዝግበውሻል ማለት ነውና እዚያው ቆመሽ አሳርሚ።