ዎልፔፐር ከመግዛትሽ በፊት ግድግዳውን ፈትሺው

እህቴ፣ «የኮንዶሚኒየም ሳሎኔን ዎልፔፐር ላስለጥፍ ነው፤ ይበረክታል ወይስ ቀለም ይሻለኛል? ስንት ሮል ይበቃኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሁለት ጊዜ አስለጥፌ አንዴ ስለላጥኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

የመጀመሪያውን ያስለጠፍኩት ሐምሌ ላይ ነበር። ቤታችን ግራውንድ ነው፤ የመረጥኩት ግድግዳ ደግሞ ከጀርባው ሻወር ቤት አለ። ግራጫ ላይ ወርቃማ ቅጠል ያለበት፣ ሳሎኑን ሆቴል አስመሰለው። ለእንቁጣጣሽ አክስቴ መጣችና ገና ቁጭ ሳትል «ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?» አለች። እጣን አጨስንበት። ከሳምንት በኋላ ከሶፋው በላይ ያለው መጋጠሚያ አፉን ከፈተ። ጫፉን ይዤ ሳብ ሳደርገው ከነልስኑ ፍርፋሪ መጣ፤ ጀርባው በሙሉ ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ ነው። ለካ የሻወሩ ቧንቧ ግድግዳው ውስጥ ሲያንጠባጥብ ከርሟል። ቀለም ቢሆን አብጦና ተልጦ ቀድሞ ይነግረን ነበር። የኛ ወረቀት ግን ፊቱ ቪኒል ስለሆነ እርጥበቱን አፍኖ ደበቀብን።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን አድርጊ፦ አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገሽ ለአንድ ቀንና ሌሊት ተይው። ስትገልጪው በግድግዳው በኩል ላብ ካለው ወይም ግድግዳው ከጠቆረ፣ ወረቀቱን ትተሽ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሪ። እኔ ቧንቧው ከተጠገነ በኋላ እስከ ጥር አስደርቄ ነው ሁለተኛውን ያስለጠፍኩት፤ እስካሁን አልተነቃነቀም።

ቀጥሎ መዳፍሽን ግድግዳው ላይ አሳልፊ። ነጭ ዱቄት እጅሽ ላይ ከቀረ ማጣበቂያው የሚይዘው ዱቄቱን እንጂ ግድግዳውን አይደለም፤ ተፍቆ ፕራይመር (ማጣበቂያው እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባው) ይቀባ። የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ከሆነም በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር። ሠራተኛው «ጉብታውን ወረቀቱ ይሸፍነዋል» ቢልሽ አትመኚው። በተለይ ወረቀቱ የሚያብለጨልጭ ዓይነት ከሆነ፣ ማታ አምፖል ሲበራ እያንዳንዷ ጉብታ ጥላ ጥላ ትሠራለች። እስቱኮ አስመትተሽ አስለስልሺው።

የሮል ነገር ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የተለመደው ሮል 53 ሴንቲ ሜትር ወርድና 10 ሜትር ርዝመት አለው፤ 5.3 ካሬ መሆኑ ነው። የኔ ግድግዳ ወርዱ 3.60፣ ከፍታው 2.60 ነው፤ 9.36 ካሬ። ባለሱቁ በካሬ አስልቶ «ሁለት ይበቃሻል» አለኝ። ወረቀት ግን በካሬ አይለጠፍም፣ ከላይ እስከ ታች በቁራጭ ነው። ለመከርከሚያ 10 ሴንቲ ጨምረሽ 2.70 ብትይ ከአንድ ሮል ሦስት ቁራጭ ይወጣል፤ ትራፊው ቁመት አይሞላም። ግድግዳው የሚፈልገው ሰባት ቁራጭ፣ ሁለት ሮል የሚሰጠው ስድስት! ተመልሼ ሦስተኛ ሮል ገዛሁ። ዲዛይኑ ያው ነው፣ ግን ከሌላ ምርት ዙር ስለነበር ጥግ ላይ ያለችው ቁራጭ ቢጫ ቢጫ አለችብኝ። ሁሉንም በአንድ ቀን ግዢ፤ መጠቅለያው ላይ ያለው የምርት ዙር ቁጥርም አንድ ዓይነት መሆኑን እዪ። አበባው ትልልቅ ከሆነ እሱን ለማገጣጠም ተቆርጦ የሚጣል ስላለ ተጨማሪ ያስፈልግሻል።

ስትመርጪ የቤትሽን አመል አስቢ። እኛ ቡና የምናፈላው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው፤ እጣኑም፣ የሚቆላው ቡና ጭስም እዚያው። ቪኒል በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ተራው ወረቀት ግን ውሃ ሲነካው ይላላል፤ ከሶፋ ጀርባ የራስ ቅባት ከያዘ አለቀ። ጡብ የሚመስለውን የስፖንጅ ስቲከር ከምድጃ አካባቢ አርቂው፣ እሳት ይወዳል።

ሠራተኛው ሲመጣ የመጀመሪያዋን ቁራጭ በቱንቢ ወይም በውሃ ልክ ያስምር። የግድግዳውን ጥግ አምኖ ከጀመረ፣ ጥጉ ራሱ ጠማማ ስለሚሆን ሰባተኛው ላይ አበባው ዘሞ ታገኚዋለሽ። በሶኬት ዙሪያ ሲቆርጥ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ፤ ማጣበቂያው እርጥብ ነው።

ቀለም ወይስ ዎልፔፐር ላልሽው፣ እኔ ብሆን ከቲቪው ጀርባ ያለውን አንዱን ግድግዳ ብቻ አስለጥፌ ሌሎቹን ከወረቀቱ መደብ ጋር በሚሄድ ፕላስቲክ ቀለም አስቀባለሁ። አራቱንም ስታለብሺው ጠባብ ሳሎን ይጨንቃል። ትራፊውንም አትጣዪ፤ ልጄ መጋጠሚያውን በጥፍሯ ስትልጥብኝ የጠገንኩት በእሱ ነው።

የግድግዳሽን ወርድና ከፍታ ለክተሽ ጻፊልኝ፣ ሮሉን አብረን እናስላው።