የኮሌጁ ፕላን ጉዳይ፦ ፎርም ሞልቼ ጨረስኩ እንዳትዪ

እህቴ፣ ቤታችን ጀርባ ያለው ኮሌጅ ፈርሶ አዲስ ሕንጻና ፍላት ሊሠራበት ነው፣ ሊፍሌት መጥቶልን ፎርሙን ሞልቼ ልኬያለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ ወይስ የይስሙላ ነው ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኛም እዚሁ ሎንደን ይሄው ነገር ስለደረሰብን ያየሁትን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ያ ፎርም የካውንስሉ፣ ማለት የግንባታ ፈቃዱን የሚወስነው የአካባቢው አስተዳደር፣ አይደለም። የኮሌጁና የዴቨሎፐሩ፣ ማለት ሕንጻውን የሚሠራው ድርጅት፣ ነው፣ የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ ሳያስገቡ በፊት ነዋሪውን አነጋግረናል ለማለት ነው። እኛ ጋ ኮሌጁ ካንቲን ውስጥ ትልልቅ ሥዕል ለጥፈው ቡናና ብስኩት ይዘው ጠበቁን፣ ሥዕሉ ላይ ዛፉ ሁሉ የሰመር ቅጠሉን ለብሶ ፎቁን ሸፍኖታል፣ የኛ ብሎክ ጭራሽ የለም! ፎርሙ ደግሞ "ለወጣቶች የተሻለ መማሪያ ቦታ ይደግፋሉ ወይ" ነው የሚለው፣ ማን አልደግፍም ይላል? በኋላ አብዛኛው ሰው ደግፏል ተብሎ ሪፖርት ሆኖ ወጣ። ኮሌጁ መታደሱን የጠላ እኮ አልነበረም፣ ስንቱ አበሻ እንግሊዝኛ የተማረው እዛ ነው። የኛ ጥያቄ ከመሬቱ ቆርሰው ሲሸጡ ፎቁ የማን መስኮት ፊት ነው የሚቆመው ነበር።

ዋናው ጊዜ ማመልከቻው ካውንስል ሲገባ ነው። ያኔ ደብዳቤ ይልካሉ ወይ ሰፈሩ ውስጥ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፣ አስተያየት መስጫው ቢያንስ 21 ቀን ነው፣ ፎርሙን የሞላሽው ሰው ነሽ ብሎ ማንም አይቆጥርልሽም፣ እንደገና ትጽፊያለሽ። የቤቴ ዋጋ ይወርዳል ወይም ቪው ይጋረድብኛል ብለሽ አትድከሚ፣ አይቆጠርም። ብርሃን፣ ቤትሽ ውስጥ መታየት፣ ጩኸት፣ ትራፊክ ይቆጠራል። ከማመልከቻው ጋር የሚገባ የብርሃን ሪፖርት አለ፣ አሰልቺ ነው ግን ሰንጠረዡ ላይ የሚነካው መስኮት ሁሉ ቁጥር አለው፣ ያንቺን ፈልጊ። ጎረቤታችን ያሉ እናት ልጃቸው እየጻፈችላቸው "ሳሎኔ መስኮቱ አንድ ነው፣ በብርዱ ወራት (ዊንተር) ከሰዓት ብቻ ነው ፀሐይ የማገኘው" ብለው ላኩ፣ ካውንስሉ ሪፖርት ውስጥ የገባው እሱ ነው እንጂ ሁላችንም ኮፒ ያደረግነው ደብዳቤ አይደለም። ስምና አድራሻ ዌብሳይት ላይ ሊወጣ እንደሚችል ግን እወቂ።

ይስሙላ ነው ላልሽው፣ አንዳንዴ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ካውንስል ራሱ ኮንሰልቴሽን (የነዋሪውን አስተያየት መጠየቅ) ሲያደርግ ሐሳቡ ገና ሳያልቅ መጠየቅ፣ በቂ መረጃና ጊዜ መስጠት፣ መልሱንም ከልቡ ማየት አለበት፣ ይሄ በ1985 ብሬንት በሚባለው የሎንደን ካውንስል ውስጥ በትምህርት ቤቶች ጉዳይ በተነሳ ክርክር የመጣ ነው፣ በ2014ም በሌላው የሎንደን ካውንስል በሃሪንጌ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጽንቶታል። የዴቨሎፐሩን የካንቲን ቡና ግን በዚህ አትከሺውም።

አንዴ ከተፈቀደ ደግሞ ይግባኝ የሚባል ለነዋሪ የለም፣ ይግባኝ ያለው ለአመልካቹ ነው። ፍርድ ቤት ልሂድ ብትዪ 6 ሳምንት ነው ያለሽ፣ ወጪውም አይቻልም። ስለዚህ አሁን ነው መጮህ። እኛ ፎቁን አላስቀረነውም፣ ግን ከላይ አንድ ፎቅ ተነሳ፣ የሎሪ መግቢያውም ከልጆቹ መጫወቻ ዞረልን፣ ማመልከቻውን የሚወስነው የካውንስሉ ኮሚቴ ፊት ለመናገር ቀድሞ መመዝገብ ስለሚያስፈልግ እሱንም እንዳትረሺ።

ካውንስልሽ የትኛው እንደሆነ ኢንቦክስ አድርጊልኝና የማመልከቻውን ቁጥር አብረን እንፈልጋለን።