ዲሹ ዞሮ ኢትዮሳት የጠፋባት እህታችን ለጠየቀችው

እህቴ፣ ንፋስ ዲሹን ካዞረው ወዲህ ኢትዮሳት ጠፋብን፣ ሠራተኛ ሳልጠራ ራሴ ማስተካከል እችላለሁ ወይ ብለሻል። ትችያለሽ። እኔ የቤታችንንም የጎረቤትንም ራሴ ነው የማስተካክለው።

መጀመሪያ ኬብሉን እዪ። የጫፉ ሽቦ ከጠቆረ ወይም ውሃ ከገባበት ቆርጠሽ አድሺው። ስትነቅይና ስትሰኪ ሪሲቨሩ ከሶኬት ይነቀል። በኬብሉ ወደ ኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት ለፊት ያለው ሲግናል መቀበያ) ኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ሾርት ካደረገ ሪሲቨሩ ሊቃጠል ይችላል።

ከዚያ ሪሲቨሩ ላይ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ፖላራይዜሽን ኤች (አግድም)፣ ሲምቦል ሬት 45000 ብለሽ አስገቢ። የኤልኤንቢውን ምርጫ 9750/10600 አድርጊው። አንድ ሰው ቲቪው ፊት ተቀምጦ በስልክ ይንገርሽ፤ የሚያነብልሽ ግን ኳሊቲ የሚለውን ይሁን። የሲግናል ጥንካሬ የሚለው መስመር ዲሹ ግድግዳ ቢያይም ከፍ ሊል ይችላል። ብዙ ሰው ጣሪያ ላይ የሚያመሸው እሱን እያየ ነው።

ሳተላይቱ ያለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያለ፣ በኮምፓስ 115 ዲግሪ ግድም ነው። ከአድማስ ያለው ከፍታ ደግሞ 66 ዲግሪ አካባቢ፤ ናይልሳት ግን በምዕራብ በኩል 37 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሞላላ ዲሽ ግን በዓይን አይገመትም። ከሚቀበልበት ከፍታ በጣም ዝቅ ብሎ የሚያይ ይመስላል። ከዲሹ ጀርባ ያለውን የከፍታ ቁጥር ተከተይ። የስልክ ኮምፓስም ቆርቆሮ አጠገብ ይሳሳታል፤ ራቅ ብለሽ አንብቢው።

ንፋስ አብዛኛውን ጊዜ ዲሹን በምሰሶው ዙሪያ ነው የሚያዞረው። ስለዚህ የከፍታውን ብሎን አትንኪ። የምሰሶውን ብቻ ላላ አድርጊና በጣም በቀስታ አዙሪ። ትንሽ ገፋ ካደረግሽ በኋላ ቆም በይ፤ ሪሲቨሩ ሲግናሉን እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል።

ኳሊቲው ብቅ ካለ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፤ ኤልኤንቢውን ራሱን በመያዣው ውስጥ ማዞር። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ሳተላይቱም ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ኤልኤንቢው ቀጥ ብሎ ከቆመበት 60 ዲግሪ ገደማ መጠምዘዝ አለበት። ወደ አንዱ ጎን አዙረሽ ኳሊቲው ከወረደ ወደ ሌላው ሞክሪ። ቀን ጥሩ ሆኖ ዝናብ ሲመጣ የሚጠፋ ቲቪ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። ናይልሳት ይዞ የነበረ ዲሽ ከሆነማ የግድ ነው።

ብሎኖቹን ስታጠብቂ በየተራ ትንሽ ትንሽ ይሁን፤ አንዱን ብቻ ካጠበቅሽ ዲሹ ይሸሻል። እያጠበቅሽም ኳሊቲውን ይንገሩሽ። ነጎድጓድ ካለ ግን ጣሪያ አትውጪ፣ ሌላ ቀን ይደርሳል።

አንድ ልጨምር። በመስቀል ሰሞንና መጋቢት መጀመሪያ ላይ ረፋድ 5 ሰዓት ግድም ፀሐይዋ በሳተላይቱ አቅጣጫ ታልፋለች። ያኔ ለጥቂት ደቂቃ ቻናሎቹ ቢጠፉ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ዲሹን እንዳትነኪው።