ለመስክ ሥራ የሚሆን ቀላል ላፕቶፕ፦ መጀመሪያ ዋት ሰዓቱን ጠይቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የራሴን የመጀመሪያ ዓመታት የጻፍሽልኝ መሰለኝ። የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ ለመመርመር ከደሴ ወደ ደላንታ፣ ወደ ተንታና ወደ ወረባቦ ትመላለሻለሽ። ላፕቶፕሽ ትከሻሽን አሳምሞሻል፤ መብራት ሲጠፋም ሁለት ሰዓት አይቆይልሽም። አጎትሽ ለገና ከአሜሪካ ሲመጣ አዲስ እንደሚያመጣልሽ ነግሮሻል፤ እሱ ካልሆነ ደግሞ እዚሁ ያገለገለ ትገዣለሽ። የምትጠይቂውም "ከሁሉ ቀጭኑና ባትሪው ብዙ ሰዓት የሚቆየው የትኛው ነው?" ብለሽ ነው።

እኔ በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ እስካሁን ሦስት ላፕቶፕ ቀያይሬያለሁ። የመጀመሪያው እንዳንቺው ከባድ ነበር። ሁለተኛውን የገዛሁት ልክ አንቺ በጠየቅሽው ጥያቄ ነው። ሻጩ በጣም ቀጭን የሆነውን አወጣልኝ፤ "አሥር ሰዓት ይሠራል" አለኝ፤ እኔም ከፍዬ ወጣሁ። ስክሪኑ ፎርኬ (4K) የሚባለው እጅግ ጥርት ያለ ዓይነት ነበር፤ በጣት ሲነኩት የሚታዘዝ፣ ሲያዩት ዓይን የሚስብ። በመጀመሪያው የመስክ ጉዞዬ የአንድ ማኅበር መጋዘን ቆጠራ ላይ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ባትሪው ሞልቶ ሳለ ከፈትኩት፤ 8 ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ። የማኅበሩ ንብረት ክፍል ሠራተኛ የማዳበሪያ ከረጢት እየቆጠሩ ይጠሩልኛል፣ እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ማታ አልጋ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም እንደገና ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ያን ቀን ሁለት ቁጥር አሳስቼ ጽፌ ኖሮ ለሳምንት ያህል የማይታረቅ ሒሳብ ስፈልግ ከረምኩ። ስለዚህ የምነግርሽን ነገር ቀለል አድርገሽ እንዳታዪብኝ።

ሰዓት የሚባለው ነገር የላፕቶፑ ብቻ አይደለም፤ የአንቺ ሥራም አለበት። በመብራት ክፍያ ደረሰኝ ላይ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚል ታያለሽ አይደል? ባትሪም የሚለካው በዚያው ነው፣ በዋት ሰዓት። ባትሪው ጀሪካን ነው እንበል፤ ዋት ሰዓቱ ጀሪካኑ የሚይዘው ውኃ ነው፤ ላፕቶፑ በሥራ ላይ የሚበላው ዋት ደግሞ ቤተሰቡ የሚጠጣው ነው። 57 ዋት ሰዓት የያዘ ባትሪ 6 ዋት ለሚበላ ላፕቶፕ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይሆነዋል፤ 12 ዋት ለሚበላው ግን አምስት ሰዓት አይሞላም። አምራቾች በካርቶኑ ላይ የሚጽፉት ሰዓት ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ ቪዲዮ እየታየ የተለካ ነው። አንቺ ግን ትልቅ የሒሳብ ሠንጠረዥ ከፍተሽ፣ ከስልክሽ ኢንተርኔት ተቀብለሽ፣ ደጅ በፀሐይ ብርሃን ነው የምትሠሪው።

የእኔ ፎርኬ ላፕቶፕ ባትሪው 50 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዝ ነበር፤ ትንሽ የሚባል አይደለም። የበላው ስክሪኑ ነው። ፎርኬ ከተለመደው 1920 በ1080 ስክሪን አራት እጥፍ ነጥብ አለው፤ ያን ሁሉ ነጥብ መሥራትና ከኋላው አብርቶ ማሳየት ኃይል ይጠይቃል። በ13 ወይም በ14 ኢንች ላይ ደግሞ ለቁጥር ሥራ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ተራውን 1920 በ1080፣ ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን 1920 በ1200 ምረጪ። ከዚያ ይልቅ ብሩህነቱን ጠይቂ፤ መለኪያው ኒት ይባላል። 250 ኒት የሆነ ስክሪን በመጋዘን በር ላይ አይነበብም፤ 400 የሆነ ይነበባል። ይህን ጉዳይ ሻጮች ሳይጠየቁ አያነሡትም።

ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የላፕቶፑን አንጎል፣ በተመለከተ ከስሙ መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል ብቻ እዪ። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ "ዩ" ያለበት ቆጣቢ ነው፤ በመሠረቱ ለ15 ዋት የተሠራ ነው። "ኤች" ያለበት 45 ዋት ነው፤ ለጨዋታና ለቪዲዮ ሥራ ይሆናል፣ ለአንቺ ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጡት ኮር አልትራ 200 የሚባሉትና መጨረሻቸው "ቪ" የሆነው ደግሞ ከዚህ በፊት በዊንዶውስ ላፕቶፕ ከለመድነው በእጅጉ የተሻለ ቁጠባ አላቸው። አጎትሽ አዲስ የሚገዛ ከሆነ ዓይኔ እዚያ ላይ ነው። የእነዚህ ራም (በሥራ ላይ ያለውን ነገር የሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ በኋላ አይጨመርም፤ ከ"ቪ" በፊት ያለው ቁጥር በ6 ካለቀ ራሙ 16 ጊጋባይት ነው፣ በ8 ካለቀ 32። ለአንቺ 16ቱ ይበቃሻል፤ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ግን እንዳትቀበዪ።

"ማክቡክ ኤርስ?" የሚል አስተያየት ከጥያቄሽ ሥር አይቻለሁ። እውነት ለመናገር ይህን የአፕል ላፕቶፕ በክብደትና በባትሪ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው ኤም1 የሚባለው ክብደቱ 1.29 ኪሎ፣ ባትሪው 49.9 ዋት ሰዓት ብቻ ሆኖ ሳለ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ማራገቢያም የለውም። ጸሐፊ ወይም ጋዜጠኛ ብትሆኚ ያለ ጥርጥር እሱን ግዢ እልሽ ነበር። አንቺ ግን የምትመረምሪያቸው ዩኒየኖች መዝገባቸውን በፒችትሪ ይይዛሉ፤ ፒችትሪ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ሒሳብ መርማሪ መዝገቡን በራሱ ኮምፒውተር መክፈት ካልቻለ የባትሪው ርዝመት ምን ያደርግለታል? ስናፕድራገን ኤክስ የተባለው ፕሮሰሰር ያላቸውን አዳዲስ የዊንዶውስ ላፕቶፖችም በዚሁ ምክንያት ለአንቺ አልመርጥም። ባትሪያቸው ድንቅ ነው፤ ነገር ግን የቆዩ ፕሮግራሞችን የሚያሠሩት የኢንቴልን ዓይነት ፕሮሰሰር በማስመሰል ነው፤ ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር የተጻፈ የቆየ የፕሪንተር ድራይቨርም አይቀበሉም። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ፕሪንተር ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ቀጭንነት ልምጣ። ትከሻ የሚያውቀው ኪሎ እንጂ ሚሊሜትር አይደለም። ቦርሳሽን ሚዛን ላይ አስቀምጪው፤ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ፣ ከነገመዱ። የእኔ የመጀመሪያው ላፕቶፕ 2.4 ኪሎ ነበር፤ ቻርጀሩ ሲጨመር ሦስት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። አሁን የምይዘው በሁለተኛ እጅ የገዛሁት ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን ስድስተኛው ትውልድ ነው፤ 1.13 ኪሎ ይመዝናል፣ ባትሪው አዲስ ሳለ 57 ዋት ሰዓት ነበር። ከእጅ መዳፍ በማትበልጥ የ65 ዋት ቻርጀር ይሞላል፤ ያቺው ቻርጀር ስልኬንም ትሞላለች። ተራ ዩኤስቢና የፕሮጀክተር መሰኪያ ስላለው የማኅበሩ ሒሳብ ሹም ፍላሽ ሲሰጠኝ ማገናኛ ፍለጋ አልሄድም። ከእሱ የባሰ የቀጠኑ ብዙዎች እነዚህን መሰኪያዎች ጥለዋቸዋል፤ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ የምትገዢ ከሆነ ማገናኛውንም አብረሽ ግዢ።

ያገለገለ የምትገዢ ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን እባክሽ በጥሞና አንብቢው። ስክሪኑ ጥግ ላይ 100 በመቶ ማለቱ ምንም አይነግርሽም፤ የተጨራመተ ጀሪካንም እስከ አፉ ይሞላል፤ የሚይዘው ውኃ ግን ያነሰ ነው። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ የዊንዶውስን የትእዛዝ መስኮት (Command Prompt) ክፈቺ። በእንግሊዝኛ ፊደል "ፓወር" የሚለውን ቃል ከሲ፣ ከኤፍና ከጂ ፊደሎች ጋር አጣብቀሽ ጻፊ፤ አንድ ክፍት ቦታ ተዪ፤ ወደ ቀኝ ያጋደለችውን መስመር አስገቢና "ባትሪ ሪፖርት" የሚለውን ሳትለያዪ ጽፈሽ አስገቢ (powercfg /batteryreport)። ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ራሱ ይነግርሻል። ውስጡ ሁለት ቁጥር ታገኛለሽ፤ አንዱ ባትሪው ሲፈበረክ ይይዝ የነበረው ነው፣ ሌላው ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው። 57,000 ሚሊ ዋት ሰዓት የነበረው ዛሬ 49,000 ከሆነ ደህና ነው፤ የእኔ እንዲህ ነበር፣ እስከ ሰባት ሰዓት ያሠራኝ ነበር። 31,000 ከሆነ ግን ወይ ዋጋው ይቀነስ ወይ ትተሽው ውጪ። ሪፖርት ሲባል ፊቱ የሚለዋወጥ ሻጭ ካጋጠመሽ አመስግነሽ ሂጂ፤ እኔ ሁለት ሱቅ እንዲህ ትቻለሁ።

ዘመኑንም እዪ። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው የኢንቴልን ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡትን ነው። "ኮር አይ 5" የሚለውን ተከትሎ የሚመጣው ቁጥር በ6 ወይም በ7 የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ 6300 ወይም 7300፣ ምንም ቢረክስ አትግዢው፤ 8250 ወይም 8350 ከሆነ ያልፋል። በዚህ ዘመን ውስጥ ካሉት ቲንክፓድ ቲ480ኤስ ጥሩ ነው፤ 1.32 ኪሎ ገደማ፣ ባትሪው 57 ዋት ሰዓት። ወንድሙ ቲ480 ቀጭን አይደለም፣ ነገር ግን ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ከውስጥ 24 ዋት ሰዓት፣ ሌላው ከኋላ ተነቃይ፤ ተነቃዩን በ72ቱ ከቀየርሽው በድምሩ 96 ይሆናል። ለሦስት ቀን መብራት የሌለበት ቦታ የሚወርድ ባልደረባ አለኝ፤ ክብደቱን ታግሦ ይህን ነው የሚይዘው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። የምትክ ባትሪ ስትገዢ ግን ተጠንቀቂ፤ ዓመታት መደርደሪያ ላይ የከረመ "አዲስ" ባትሪ ደክሞ ሊጠብቅሽ ይችላል፤ ሱቁ ውስጥ ገጥመሽ ያንኑ ሪፖርት አውጪ።

የምትገዢው ምንም ይሁን ምን በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ይሁን። ለመስክ ሰው ከዚህ የበለጠ ጥቅም ያገኘሁበት ነገር የለም። በመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ 65 ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ገዝቼ ላንድ ክሩዘሩ ወደ ደሴ ሲመለስ እግረ መንገዴን እሞላለሁ። ፓወር ባንክ ካሰብሽ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ በመለወጥ የሚባክነው ሲቀነስ የእኔን ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ገደማ ይሞላል። ነገር ግን ቢያንስ 45 ዋት የሚያወጣ መሆኑን አረጋግጪ፤ ለስልክ ብቻ የተሠራው 18 ዋቱ ላፕቶፕን አያነቃንቀውም። አውሮፕላን ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ስለሆነ አጎትሽ 30,000ውን እንዳያመጣ ንገሪው፤ ፓወር ባንክ ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም።

ጀነሬተር ላይ ላፕቶፕሽን በቀጥታ አትሰኪ። አንድ ቀበሌ ላይ ከብየዳ ማሽን ጋር በአንድ ጀነሬተር ሰክቼ ብየዳው በጀመረ ቅጽበት ቻርጀሬ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ከጀነሬተር የምሞላው ፓወር ባንኩን ብቻ ነው፤ አደጋ ከመጣም በእሱ ይምጣ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ባትሪው የተበላሸ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። አዳዲሶቹ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ክዳናቸው ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይተኙም፤ ቦርሳ ውስጥ ሆነው ይነቃሉ፣ ይግላሉ፣ ባትሪ ይጨርሳሉ። ጠዋት ሞልቼ ከደሴ ተነሥቼ ወልድያ ስደርስ ግማሽ ሆኖ፣ ትኩስ ሆኖ ያገኘሁበት ቀን አለ። በኃይል ማስተካከያው ውስጥ ክዳኑ ሲዘጋ "ሃይበርኔት" እንዲያደርግ እዘዢው፤ ሥራሽ ባለበት ይቀመጣል፣ ባትሪውም አይነካም። ቢሮ ስትውዪና መብራት ሲኖር ደግሞ እስከ 80 በመቶ ብቻ እንዲሞላ ገድቢው፤ ብዙ ላፕቶፖች ይህን ይፈቅዳሉ። ወደ ቆላ ስትወርጂም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዪው፤ ባትሪን እንደ ሙቀት የሚያስረጅ የለም።

ለአጎትሽ በቃል ከምትነግሪው ይልቅ ይህን ጽፈሽ ላኪለት፤ ሱቅ ገብቶ ሲጨናነቅ ያነበዋል፦ "አጎቴ፣ ዊንዶውስ 11 ያለው፣ 14 ኢንች፣ ከ1.3 ኪሎ የማይበልጥ ይሁን። ፕሮሰሰሩ ኮር አልትራ 200 ሆኖ መጨረሻው ቪ፣ ራሙ 16፣ ስክሪኑ ፎርኬ ያልሆነና 400 ኒት፣ ባትሪው ከ55 ዋት ሰዓት ያላነሰ፣ በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን እይልኝ። የሚመለስበት ቀን ሳያልፍ እዚያው ከፍተህ አንድ ቀን ሥራበት፤ ዋስትናው እዚህ ላይሠራልኝ ይችላል።"